የፍሬን ሸራና ዲስክ ከቀየራችሁ በኋላ ፔዳሉ ወለል ከነካ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የፊት ጎማዎቹ ወጥተዋል። አሮጌው ዲስክ ጠርዙ ላይ ስለት አውጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። አዲሱ ዲስክ ገብቷል፣ ሸራው ገብቷል፣ ብሎኑ ጠብቋል። ጎማውን መልሳችሁ፣ ክሪኩን አውርዳችሁ፣ እጃችሁን በኦሞ ታጥባችሁ መኪናው ውስጥ ትገባላችሁ። ሞተር ታስነሱና ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ላይ ያርፋል።

ያን ጊዜ ሆድ ይርዳል። መኪና ለሚያውቅ ጓደኛ ይደወላል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «አየር ገብቶበታል፣ አስተንፍሰው።» አየሩን ከፍሬኑ ዘይት መስመር አስወጣው ማለቱ ነው። ከዚያ እንደገና ክሪክ፣ እንደገና ጎማ ማውጣት፣ ለዓመታት ተነክታ የማታውቅ፣ ዝገት የበላት ትንሽ የማስተንፈሻ ብሎን ጋር ግብግብ መግጠም። አንዳንዴ ብሎኗ እዚያው ትቆረጣለች። ያኔ የሸራ ቅየራ የነበረው ሥራ የካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ግዢ ሆኖ ያርፋል።

ብዙ ጊዜ ግን አየር የሚባል ነገር አልገባም። ዲስክና ሸራ መቀየር በራሱ አየር አያስገባም። ይሄን ነገር ደጋግሜ የምናገረው ሰው ገንዘቡንም ቅዳሜውንም ሲያባክን ስላየሁ ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ለምን እንደጠፋ ያልገባው ሰው ለምን እንደተመለሰም ስለማይገባው፣ እውነተኛው አየር ሲመጣ አያውቀውም።

ከእግራችሁ እስከ ጎማው ድረስ ጉልበቱን የሚያደርሰው ዘይት ነው። ፔዳሉ ማስተር ሲሊንደሩን ይገፋል። ማስተር ሲሊንደሩ ዘይቱን በቀጭን የብረት ቱቦ፣ ከዚያ በላስቲክ ቱቦ ወደ ጎማው ይገፋዋል። እዚያ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ይወጣና ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ዘይት ስትጫኑት አይጨመቅም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ እዚህ የተገፋው እዚያ ይደርሳል። ይሄ መስመር ከላይ እስከ ታች ዝግ ነው። ሸራና ዲስክ ስትቀይሩ ካሊፐሩን ፈታችሁ ወደ ጎን ታደርጋላችሁ እንጂ ዘይቱ ያለበትን ክፍል አትከፍቱም። (ካሊፐሩን በላስቲክ ቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። ቱቦው ከውስጥ ከተጎዳ ከላይ ምንም አይታይበትም።) ቧንቧው ካልተከፈተ አየር በየት ይገባል?

ታዲያ ፍሬኑ የት ሄደ?

ፒስተኑ ጋ ነው ያለው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ትንሽ በትንሽ ወደ ውጭ እየወጣ ክፍተቱን ይሞላል። አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ እንዲገባ ፒስተኑን ወደ ውስጥ መመለስ የግድ ነው፤ ሁላችንም ደግሞ እስከ ጥግ ድረስ ነው የምንመልሰው። ሥራው ሲያልቅ በፒስተኑና በሸራው መሀል ክፍተት ይቀራል። ቁጥሩን ስታዩት ይገባችኋል። ስፋቱ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን ካስፈለገው በላይ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ያንን ቦታ መልሶ ለመሙላት 12 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ያስፈልጋል። ማስተር ሲሊንደሩ በአንድ ሙሉ እርግጫ የሚልከው ዘይት ግን በትንሽ መኪና ላይ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ካሊፐሮቹ ደግሞ ሁለት ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርግጫ ወለል ቢነካ ተአምር አይደለም፣ ዘይቱ ገና ፒስተኑን እያመጣ ነው።

መፍትሔው ሞተር ሳታስነሱ፣ መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ መርገጥ ነው። አምስት፣ አስር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በየእርግጫው ከፍ እያለ ይመጣና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አለቀ። ይሄን ሳታደርጉ ማርሽ አታስገቡ።

እኔ አንዴ ረስቼዋለሁ። የግቢያችን በር ወደ መንገዱ ቁልቁል ነው። የፊት ሸራ ቀይሬ ጨርሼ፣ መሽቶብኝ ስለነበር ቶሎ ላስወጣት ብዬ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ወለል ነካ፣ መኪናዋ ደግሞ መውረድ ጀመረች። ከበሩ ውጭ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ነው የጎተትኩት። ቆመች። ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ መነሳት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸራ ቀይሬ ስጨርስ ጎማ እንኳን ከመመለሴ በፊት ገብቼ ፔዳሉን እረግጣለሁ።

እዚሁ ላይ የሚያምታታ ሌላ ነገር አለ። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ስለሚወጣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ዝቅ ይላል። ይሄ መፍሰስ አይደለም፤ ዘይቱ ከፒስተኑ ኋላ የተከፈተውን ቦታ ሞልቶ ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው አይቶ «ጎድሏል» ብሎ እስከ አፉ ይሞላዋል። ሸራ የሚቀየርበት ቀን ፒስተኑ ሲመለስ ያ ሁሉ ዘይት ወደ ላይ ተመልሶ በክዳኑ ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይበላል። ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ እጠቡት፣ በጨርቅ ብቻ ጠርጋችሁ አትተዉት። ፒስተኑን ከመግፋታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ሙሉ ከሆነ በሲሪንጅ ቀንሱለት።

አሁን አየር በእውነት የሚገባበትን እንይ። የላስቲክ ቱቦው ከካሊፐሩ ከተፈታ ይገባል። ካሊፐሩ ራሱ ከተቀየረ፣ ማስተር ሲሊንደር ከተቀየረ፣ ቱቦ ከተቀየረ ይገባል። የማስተንፈሻ ብሎኗ ተከፍታ ከተረሳች፣ ወይም ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን ዘይቱ ከወረደ ይገባል። ከነዚህ አንዱ ከተደረገ ማስተንፈስ ግዴታ ነው፣ ክርክር የለውም። ከነዚህ አንዱም ካልተደረገ ግን አየር ከመፈለጋችሁ በፊት ሌላውን ነገር አጣሩ።

እግራችሁ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል። አየር ያለበት ፍሬን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ትረግጡታላችሁ፣ ይሰምጣል፣ ግን ጥርት ያለ ማቆሚያ የለውም። ቶሎ ቶሎ ስትረግጡት ከፍ ይላል፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስትመለሱ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። ምክንያቱ አየር እንደ ዘይት አለመሆኑ ነው። ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር አየር ካለ፣ በፍሬኑ ግፊት ተጨምቆ ኢምንት ይሆናል፤ ያ ማለት ማስተር ሲሊንደሩ ከላከው ዘይት 5 ሚሊ ሊትሩ አየሯን በመጭመቅ አለቀ፣ ሸራው ጋ አልደረሰም። የእርግጫችሁን ሲሶ ወይም ግማሽ አንዲት አረፋ በላችው ማለት ነው።

ፔዳሉን ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነ ግን ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ያንን የቱንም ያህል ብታስተነፍሱት አይድንም። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ግን አልቆም ካለ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቮው (የእግራችሁን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) ነው። ሞተር ሲነሳ ፔዳሉ ከእግራችሁ ስር ትንሽ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ጤና ነው፣ ሰርቮው ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ይሄን ዝቅ ማለት አይተው «አሁንም አየር አለበት» ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ያስተነፈሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ሸራ በተቀየረበት ቀን ማስተንፈስን የምደግፍበት አንድ ምክንያት አለኝ። አየር አይደለም። የዘይቱ ዕድሜ ነው።

የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ሁሉ ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ፣ በላስቲክ ቱቦው ግድግዳ በኩል እንኳን ሳይቀር። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው ደረጃው የሚጠይቀው። ከ100 እጅ 3.7 እጅ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ግን መኪናው ተሸጦ ተገዝቶ፣ ሦስት ባለቤት ቀይሮ፣ ዘይቱ ያው የድሮው የሆነበት ብዙ አለ። ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት፤ አዲስ ሲሆን ጠራ ያለ የማር ቀለም ነው፣ እንደ ጠላ ከጠቆረ ጊዜው አልፏል።

ከተማ ውስጥ እየነዳችሁ ላይሰማችሁ ይችላል። አባይ በረሃ ላይ ግን ይሰማችኋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ቁልቁለት፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሙሉውን ሙቀት ቢሆን ከ30 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ያፈላል። ከዚያ ውስጥ ሞተሩና ነፋሱ የሚወስዱት አለ፣ የቀረው ግን ወደ ዲስኩና ሸራው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ፒስተኑ፣ ከዚያ ወደ ዘይቱ። ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ፔዳሉ በድንገት ወለል ይነካል፤ ፍሬን በጠሰ የሚባለው ሁሉ ቱቦ መበጠስ አይደለም፣ አንዳንዱ ይሄ ነው። ክፋቱ ደግሞ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል፣ መካኒክ ቢያየው ምንም አያገኝበትም። ጣርማበርን ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱም ያው ነው። በከባድ ማርሽ ውረዱ የሚባለው ለሲኖትራክ ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ አዲስ ሸራና ዲስክ ስታስገቡ ዘይቱ ያረጀ ከሆነ አብራችሁ ቀይሩት። ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ግዙ። ዶት 3፣ 4 እና 5.1 ቢቀላቀሉ ችግር የለውም፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከነሱ ጋር አይገናኝም። ሶማሌ ተራ ስትገዙ ከክዳኑ ስር ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን እዩ። ካለፈው ዓመት የተረፈ ክፍት ጠርሙስ ውሃ ሲጠጣ ስለከረመ አትጠቀሙበት። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ደግሞ በፍጹም፣ በጠብታም ቢሆን አታስገቡ። ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሙሉ ሲስተሙን ያስጥላችኋል።

አሠራሩን ያሳዩኝ የሰፈራችን ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ልኳ የሆነ የቀለበት ቁልፍ፣ እንደ ግሉኮስ ቱቦ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ላስቲክ፣ ትንሽ ዘይት ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ እና አንድ ሰው። ቁልፏን መጀመሪያ ብሎኗ ላይ አጥልቃችሁ፣ ላስቲኩን ጫፏ ላይ ሰክታችሁ፣ ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት ውስጥ ትነክሩታላችሁ። አየር ተመልሶ እንዳይሳብ ነው።

እሳቸው ጎማው ስር ተንበርክከው፣ እኔ መሪው ጋ።

«ርገጥ። ርገጥ። ርገጥና ያዝ!»

«ይዣለሁ ጋሼ።»

ብሎኗን ሩብ ዙር ይከፍቷታል። እግሬ ይሰምጣል። ላስቲኩ ውስጥ የጠቆረ ዘይት ይሮጣል፣ መሀሉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ አረፋዎች። ይዘጋሉ። «አሁን ልቀቅ።» አንዴ ሳይዘጉ እግሬን አነሳሁና አረፋዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲገቡ አዩ። ቁልፉን አስቀምጠው «ልጄ፣ እኔ ልቀቅ ሳልልህ እግርህን እንዳታነሳ። አሁን የሠራነውን ሁሉ መለስከው» አሉኝ። ሥራው በሙሉ እዚያ ቃል ላይ ነው ያለው፦ ብሎኗ ክፍት ሆና ፔዳል አይለቀቅም።

በየአምስት ስድስት እርግጫው ማጠራቀሚያውን እዩ፣ ሙሉ። አንዴ ባዶ ከሆነ አየር ከላይ ይገባና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ አየሩ ኤቢኤስ ክፍሉ ውስጥ ከገባ በብዙ መኪና ላይ ቫልቮቹን በኮምፒውተር ካልከፈቱ አይወጣም። ፔዳሉን እስከ ወለል አትድፈቁት፣ ስሩ ቁራጭ እንጨት አድርጉበት። ማስተር ሲሊንደሩ በየቀኑ የማይደርስበት ጥልቀት ላይ ዝገትና ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ በአሮጌ መኪና ጎሚኒው እዚያ ላይ ሲሄድ ይቆረጣል፣ ደህና የነበረው ማስተር ሲሊንደር በማስተንፈስ ይሞታል።

ቅደም ተከተሉ ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ነው የሚጀመረው፦ መሪው ግራ ለሆነ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይበልጣል፣ የተለየ ቅደም ተከተል የሚጠይቁ አሉ። ንጹሕ የማር ቀለም ያለው፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪመጣ በየጎማው ትሠራላችሁ። ብሎኗን ስትዘጉ ደግሞ አታፍኗት፣ ትንሽ ናት፣ ጉልበት አትወድም።

አስተንፍሳችሁ፣ ደግማችሁ አስተንፍሳችሁ፣ አሁንም ለስላሳ ከሆነስ? ካሊፐር ቀይራችሁ ከነበረ ብሎኗ ከላይ ናት ወይስ ከታች? የግራና የቀኝ ካሊፐር ከተቀያየረ ብሎኗ ወደ ታች ትሆናለች፣ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ እስከ ነገ ብትረግጡ አይወጣም። ሌላው ዲስኩ የሚቀመጥበት ገጽ ነው። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ሳታጸዱ አዲስ ዲስክ ካስቀመጣችሁ ዲስኩ ይዛነፋል፤ በዞረ ቁጥር ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ስትረግጡ ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ከሆነም ካሊፐሩ ይጣመምና እንደ ስፖንጅ ይሰማል፤ አውጥታችሁ አጽዱ፣ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ቀቡ። ከኋላ በዲስክ ፋንታ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ በኩል የሚይዘው ከበሮ) ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የኋላው ሸራ ሳይስተካከል ከርሞ ክፍተቱ ከሰፋ፣ የፊቱን በወርቅ ብትሠሩትም ፔዳሉ ረጅም ይሆናል።

አዲሱ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው፣ በፍሬን ማጽጃ ካልጠረጋችሁት ያ ዘይት ሸራው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ቀን ሰው በሌለበት መንገድ ከ50 እና 60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት ወይም አስር ጊዜ በመጠኑ እየያዛችሁ ቀንሱ፣ በየመሀሉ እንዲቀዘቅዝ እየነዳችሁ፤ ፍሬኑ እንደጋለ ረግጣችሁ አትቁሙ። በማግስቱ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አራቱን ጎማ ከውስጥ በኩል እዩ፣ ማስተንፈሻዋ አካባቢ እርጥበት ካለ በጣታችሁ ንኩት፣ ከዚያ የማጠራቀሚያውን መስመር እዩ፣ ከትናንቱ ዝቅ ካለ መኪናዋን አታንቀሳቅሱ።